የአባቴን ቤት ላፍርሰው ወይስ ከጎኑ ልቀጥልበት?

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጅማ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። አስተማሪና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አባታችን ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ትቶልን የሄደው ቤት በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው ይባላል፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ አያታችን ገዛው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ወለሉ ጣውላ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ከፊት አራት የእንጨት ምሰሶ ያለው በረንዳ አለው። እናቴ ቡናዋን የምታፈላው እዚያ ነው፤ ‹ከዚህ ቤት የሚያወጣኝ ሞት ብቻ ነው› ትላለች።

እኔና ባለቤቴ ከልጆቻችን ጋር ከእሷ ጋር ለመኖር ወስነናል። ሁለት መኝታ ቤት፣ መታጠቢያና ወጥ ቤት ያስፈልገናል። በጓሮ በኩል ቦታ አለን። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ‹አፍርሰሽ ፎቅ አውጪበት› ይላል። እኔ ግን በስልኬ የማያቸው የእንጨትና የመስታወት ቤቶች ልቤን ወስደውታል። አናጢያችን ‹ሁሉንም በዋንዛ እንሠራዋለን፣ አሮጌውን ደግሞ በሲሚንቶ ለስነን እንደ አዲስ እናደርገዋለን› ብሎኛል። ጎረቤቶቼ ‹በዚህ ዘመን የእንጨት ቤት?› እያሉ ይገረማሉ። የኋላው ግድግዳ ከሥሩ እየተፈረፈረ ነው፣ የአንዱ ክፍል ወለል ሲረገጥ ወደ ታች ይላል፣ ምስጥም አይቻለሁ። ከየት ልጀምር? የትኛው እንጨት ይሻለኛል? ለእናቴስ ምን ልበላት?»

መልስ

እህቴ፣ ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ቤቱን አታፍርሺው። አሮጌው በአሮጌነቱ ይጠገን፣ አዲሱ ከጓሮ በኩል በራሱ እግር ይቁም፣ ሁለቱ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይገናኙ። ይህን የምልሽ ለትዝታ ብዬ ብቻ አይደለም። ከሰላሳ ዓመት በላይ በአናጢነትና በግንባታ ተቆጣጣሪነት ሠርቻለሁ። የድንጋይ መሠረትና የጣውላ ወለል ያለው፣ እስከ ዛሬ ሰው የሚኖርበት ቤት ፈርሶ ሲጫን ባየሁ ቁጥር ያዘንኩት፣ አብዛኛው ጉዳት በጥቂት ወር ሥራ የሚድን እንደነበር ስለማውቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ላስተካክልሽ። «የትኛው እንጨት ይሻለኛል?» ብለሽ ጠየቅሽ። ከእንጨቱ በፊት የሚጠየቀው ውሃው ነው። የጻፍሽልኝ ሦስቱ ሕመሞች፣ የሚፈረፈረው ግድግዳ፣ የሚሰምጠው ወለልና ምስጡ፣ ምንጫቸው አንድ ነው። ይኸውም ውሃ ነው።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም በክረምት ብቻ የሚያበቃ አይደለም፣ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ወደ ጓሮ የሚያፈስሰው የቤታችሁ ክዳን 60 ካሬ ሜትር ቢሆንና አንድ ከሰዓት 40 ሚሊሜትር ቢዘንብ፣ 2,400 ሊትር ውሃ ከግድግዳው ሥር ይወርዳል። አሥራ ሁለት በርሜል መሆኑ ነው። አሸንዳ ከሌለ ወይም ከተበሳ ያ ሁሉ ውሃ መሬት ላይ ወድቆ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ይፈናጠቃል። ምርጊቱ የሚረግፈው ከሥሩ ጀምሮ እስከ ጉልበት ድረስ ከሆነ፣ የሚበላው ይህ ፍንጣቂ ነው።

እንግዲህ ሐምሌና ነሐሴን ለሥራ ሳይሆን ለምርመራ ተጠቀሚባቸው። ከበድ ያለ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዘሽ ጓሮ ውጪና ቁሚ። ውሃው ከየት ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚቋጠር፣ ከጎረቤት ግቢ የሚገባ ጎርፍ እንዳለ እይ። ከዚያ ዝናቡ ሲያባራ የኋላውን ግድግዳ ሥር አስተውዪ፤ የድንጋዩ መሠረት ከመሬት በላይ ምን ያህል ይታያል? እንደ እናንተ ባለ አሮጌ ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማየው መሬቱ በየዓመቱ በጥራጊ፣ በአመድና በአፈር እያደገ ድንጋዩን ውጦት ነው። ቤቱ ሲሠራ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ያለው እንጨት ዛሬ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ታገኚዋለሽ። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ አፈሩን ከግድግዳው ዙሪያ አንስቶ ድንጋዩን እንደገና ማውጣት፣ መሬቱን ከቤቱ ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ማድረግ፣ ሰፋ ያለ አሸንዳ ማሰር፣ ውሃውንም በቱቦ ከቤቱ አርቆ መልቀቅ። ይህን ሳትጨርሺ በአዲሱ ክፍል አንድ ምስማር እንዳይመታ።

ወለሉም እንዲሁ ነው። የጣሊያን ጊዜ የጣውላ ወለሎች ከመሬት ከፍ ብለው ነው የሚሠሩት፤ በድንጋዩ መሠረት ላይ ደግሞ ትንንሽ መተንፈሻ ቀዳዳዎች ይተዉላቸዋል። አይጥ እንዳይገባ ብለን በጨርቅ፣ በድንጋይ፣ በሲሚንቶ ደፍነናቸዋል። አየር ሲያጣ ከሥር ያለው አግዳሚ ይረጥባል፣ የረጠበ እንጨት ይሻግታል፣ የሻገተውን ምስጥ ይወደዋል። ቀዳዳዎቹን ፈልጊያቸው፤ ክፈቻቸውና በወንፊት ሽቦ ሸፍኛቸው። ከዚያ ከሚሰምጠው ቦታ ሁለት ጣውላ ብቻ በጥንቃቄ አስነሽ። ቀጭን ካቻቪቴ ያዢና አግዳሚውን ውጊው። ከላይ ጫር ብሎ የሚቆም ከሆነ እንጨቱ ደህና ነው። አንድ ሳንቲም ሳይከብደው ከገባ ያ ጫፍ ተቆርጦ በአዲስ ይቀጠላል። ዘወትር እንደማየው የሚበሰብሰው ግድግዳውን የሚነካው ጫፍ ነው፤ መሐሉ እንደ ብረት ሆኖ ይገኛል። ሙሉ ወለሉን «አንስተን ሴራሚክ እናንጥፍ» የሚልሽን አትስሚው።

አናጢሽ «በሲሚንቶ እንለስነዋለን» ያለው ግን አስደንግጦኛል። ስለዚህ የራሴን ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ አጋሮ የምትኖር አክስቴ ቤቷን ለመስከረም እንዳሳምርላት ጠየቀችኝ። ጭቃውን ጫር ጫር አድርጌ ወንፊት ሽቦ መታሁበትና በሲሚንቶ ለሰንኩት። ነጭ ቀለም ሲቀባ ሰፈሩ ሁሉ አየው፤ እኔም ኮራሁበት። በሦስተኛው ክረምት ማዕዘኑ እንደ ሆድ ተነፋ። ሄጄ በመዶሻ ጀርባ መታ ሳደርገው የበር ስፋት የሚያህል ልስን በአንድ ጊዜ ተገንጥሎ ወረደ። ከኋላው የነበረው ማገር በጣቴ ስነካው እንደ በሶ ተፈረፈረ። ቋሚው ከውሃ ልክ፣ ማለትም ከመሠረቱ አናት፣ በላይ አንድ ክንድ ድረስ አልነበረም፤ ቅርፊቱ ብቻ ቆሟል። አክስቴ ምንም አላለችኝም፤ ቡና አፈላችልኝ። እስከ ዛሬ የማልረሳው ያን ዝምታዋን ነው።

የሆነው ይህ ነው፦ የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ያንን ትንፋሽ ይዘጋዋል። ጭቃና ሲሚንቶ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ እኩል ስለማይላወሱ ልስኑ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፤ በዚያች ስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ውስጥ ውስጡን እንጨቱን ይጨርሰዋል፣ ከውጭ ግን ቤቱ አዲስ ይመስላል።

ስለዚህ የተፈረፈረውን በራሱ ዓይነት መልሺው። የበሰበሰው ማገር ወጥቶ በአዲስ ይተካ። ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይብሰል፤ በየጥቂት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ በእግር ይረገጥ። ይህን የሚያውቁ እናቶችና አዛውንት ጅማ ዙሪያ ዛሬም አሉ፤ እናትሽን ጠይቂያት፣ ከአናጢው የተሻለ ልታውቅ ትችላለች። መጀመሪያ ወፍራሙ ምርጊት፣ እሱ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ስስ ምርጊት፣ በመጨረሻ ኖራ። ኖራው በአንድ ወፍራም ሽፋን ሳይሆን እንደ ወተት ቀጥኖ አራት አምስት ጊዜ ይቀባ። በየጥቂት ዓመቱ ማደስ ይጠይቃል፣ አዎ። ግን አንድ የክረምት ማግሥት ሥራ ነው።

ስለ ምስጡ አጭር ልበል። ከመሬት ወደ እንጨቱ የሚወጣ የጭቃ ቱቦ ካየሽ መንገዱን አገኘሽው ማለት ነው፤ አፍርሺውና ከየት እንደጀመረ ተከተዪው። የአፈር ንክኪውን ስትቆርጪበትና ቦታው ሲደርቅ አብዛኛው ችግር ይቀላል። የቀረውን ሙያው ያለው ሰው በመድኃኒት ይጨርሰው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ አልደግፈውም፤ ከላይ እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ይሸታል፣ ለእሳት ይመቻል፣ ልጆችም ይነኩታል።

አሁን ወደምትጓጊለት አዲሱ ቤት እንምጣ።

ጎረቤቶችሽ «የእንጨት ቤት?» ሲሉሽ አትሸማቀቂ። አንድ እሑድ ልጆችሽን ይዘሽ ጅሬን ውጪ፤ ከከተማው ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በፈረንጆቹ ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የአባ ጅፋር ዳግማዊ ቤተ መንግሥት በአብዛኛው የእንጨት ሥራ ነው። ንጉሡ እንጨትን የመረጡት ድህነት ይዟቸው አይደለም። እዚያ ስትደርሺ ለጌጡ ብቻ አትደነቂ፤ ክዳኑ ከግድግዳው ምን ያህል ወደ ውጭ እንደወጣ፣ በረንዳውና ሰገነቱ ዙሪያውን ግድግዳውን ከዝናብ እንዴት እንደሚከልሉት እይ። በጅማ ዝናብ ውስጥ የእንጨት ቤትን ከመቶ ዓመት በላይ የሚያቆመው ይኸው ሰፊ ክዳንና በየጊዜው የሚደረግለት ጥገና ነው። በስልክሽ የምታያቸው ቤቶች ብዙዎቹ ክዳናቸው ከግድግዳው ጋር እኩል የተቆረጠ ነው። ሲታዩ ያምራሉ። እዚህ ግን ሁለት ክረምት አይዘልቁም። የአንቺ ክዳን በየአቅጣጫው ቢያንስ አንድ ሜትር ይውጣ።

አዲሱ ክፍል አሮጌውን አይምሰል። ብዙ ሰው «እንዲመሳሰል» ብሎ የጣሊያኑን መስኮትና ምሰሶ በአዲስ እንጨት ያስመስላል፤ ውጤቱ አሮጌውንም ሐሰት ያስመስለዋል። በፈረንጆቹ 1964 ቬኒስ ላይ የወጣው የቅርስ ጥገና ቻርተር፣ የግድ የሚጨመር ነገር ከነባሩ ተለይቶ የዘመኑን መልክ ይያዝ ይላል፤ ጭማሪውም የነባሩን ቤት ዋና ገጽታ እንዳያበላሽ ያስጠነቅቃል። ያንቺ ቤት ሐውልት ባይሆንም ነገሩ ይሠራል። አዲሱ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ሰፊ መስታወት፣ ግልጥ የሚታዩ ቋሚዎች ይኑሩት። ከፍታው ግን ከአሮጌው ክዳን በታች ይሁን፣ ከመንገድ ሲታይ ከበረንዳው ጀርባ ዝም ብሎ ይቀመጥ። ከአሮጌው የሚወርሰው ነገር ቢኖር ልኩ ነው፦ የምሰሶዎቹን ርቀት ለኪውና አዲሶቹን ቋሚዎች በዚያው ርቀት አቁሚ። ሰው ምክንያቱን ባያውቅም ዓይኑ ይረጋለታል።

ማገናኛው ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሚበላሸው እዚያ ነው። አሮጌው ቤት ከሰማንያ ዓመት በላይ መሬቱ ላይ ተረጋግቷል። አዲሱ ግን ገና ይሰምጣል፣ እንጨቱም ገና ይኮማተራል። ሁለቱን በብሎንና በሲሚንቶ አጥብቀሽ ካሰርሻቸው አዲሱ ሲሄድ አሮጌውን ይጎትተዋል። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ አይደገፍ። ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ዝቅ ያለ መተላለፊያ ይሠራ፤ ጎንና ጎኑ መስታወት ቢሆን ብርሃን ይሰጥሻል። እሱም አሮጌው ግድግዳ ጋ ሲደርስ ሁለት ሳንቲም ክፍተት ይተው። ክፍተቱ ከላይ በታጠፈ ላሜራ ይሸፈን፤ ላሜራው በአሮጌው በኩል ብቻ ይመታ፣ በአዲሱ በኩል ተኝቶ ይንሸራተት። የአሮጌው ክዳን ውሃ በምንም መንገድ መተላለፊያው ላይ እንዳይወርድ በዚያ በኩል አሸንዳው የተለየ ስፋት ይኑረው። በሩን ለማውጣት አዲስ ቀዳዳ አትክፈቺ። ከኋላ ካሉት መስኮቶች አንዱን ምረጪና ከደፉ በታች ያለውን ጭቃ ብቻ አስነሽ፤ ግራና ቀኝ ያሉት ቋሚዎችና የላዩ አግዳሚ ሳይነኩ መስኮቱ በር ይሆናል። አንድ ቀን ልጆችሽ ሐሳባቸውን ቢለውጡ መልሶ መስኮት ማድረግ ይቻላል።

ለመሬቱም ተጠንቀቂ። ጅማ ላይ ዳገቱ ቀይ አፈር ቢሆንም ረባዳው ላይ ዋልካ ይበዛል፤ ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የካቲት ላይ ጓሮሽ እንዲያ የሚሰነጠቅ ከሆነ መሠረቱን መሐንዲስ ሳያይ አትጀምሪ። ለወንድምሽም ይህን ንገሪው፦ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 2,400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ያንኑ ያህል የደረቀ የፈረንጅ ጥድ ግን 500 ኪሎ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ መሬት ላይ፣ ከአሮጌ ግድግዳ አጠገብ፣ ቀላል ቤት መሥራት ብልኅነት ነው። ለፎቅ መሠረት በጥልቀት ስትቆፍሪ የአባትሽ ቤት ድንጋይ ከሥሩ ሊናድ ይችላል።

እንጨቱን በተመለከተ፣ «ሁሉንም በዋንዛ» የሚለው ቅንጦት ብቻ ሳይሆን ጣጣም ነው። ዋንዛ ድንቅ እንጨት መሆኑን የጅማ ሰው ሆነሽ እኔ አልነግርሽም፤ ከአንድ ግንድ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ እያየሽ ነው ያደግሽው። ግን ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ በ1986ቱ የደን አዋጅ በስም ተጠቅሰው ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበር። ከገበሬ ማሳ የመጣ ነው ቢሉሽም የመቁረጫና የማጓጓዣ ፈቃዱን ሳታዪ ገንዘብ አትክፈዪ። በጨለማ የመጣ ጣውላ ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው። የጅማ ደን ሲሳሳ ቡናውም ጥላ ያጣል፤ ይህ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ቋሚውን፣ አግዳሚውንና ወራጁን ከተተከለ የፈረንጅ ጥድ። የውስጥ ሥራውን፣ መደርደሪያውንና ኮርኒሱን ከግራቪሊያ፤ ቡና ውስጥ ለጥላ የሚተከል ስለሆነ በአካባቢሽ ይገኛል፣ ሲላግም የሚያምር ዥንጉርጉር መልክ አለው። ዋንዛን እጅ ለሚነካው ብቻ፦ ለበሩ፣ ለመስኮቱ ክፈፍ፣ ለደፉ። ባሕር ዛፍን ደግሞ መሰንጠቂያ አታስገቢው፤ ሲሰነጠቅ ይጣመማል። ክብ እንደሆነ በመድኃኒት የተነከረውን አጣና ለበረንዳ ምሰሶ ብትጠቀሚበት ግን ጠንካራ ነው።

የትኛውም ይሁን፣ ይድረቅ። ለአዲስ የእንጨት ቤት የእርጥብ ጣውላን ያህል ጠላት የለውም። ሃያ ሳንቲም ስፋት ያለው ጣውላ ሳይደርቅ ከተመታ በኋላ ሰባት ስምንት ሚሊሜትር ሊኮማተር ይችላል፤ በርሽ አይዘጋም፣ በግድግዳው ብርሃን ይገባል። ነጋዴው «ደርቋል» ካለሽ እንዲህ ፈትኚው። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ገባ ብለሽ፣ ከግማሽ ሜትር በኋላ፣ እጅ የምታህል ቁራጭ አስቆርጪ። በወጥ ቤት ሚዛን መዝኛት፤ 500 ግራም ሆነች እንበል። መጋገሪያ ውስጥ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ አስቀምጫትና በየሁለት ሰዓቱ እያወጣሽ መዝኚ፤ ክብደቷ መቀነሱን ሲያቆም ጻፊው። 400 ላይ ከቆመች ከደረቅ ክብደቷ ላይ 25 በመቶ ውሃ ተሸክማ ነበር ማለት ነው፤ ያን ጣውላ አትግዢ፣ ወይም ገዝተሽ አቆዪው። 440 ላይ ከቆመች 14 በመቶ እንኳ አትሞላም፤ እሱን ውሰጂ። የድሮ አናጢዎች ለሁለት ሳንቲም ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይተዉለት ነበር። ጣውላው ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ፣ በየረድፉ መሐል ቀጫጭን እንጨት እየገባ፣ ከላይ ክዳን ተደርጎለት፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ሆኖ ይደርደር። በላስቲክ አትሸፍኚው።

ሲሠራ አናጢሽን የምትቆጣጠሪበት ጥቂት ነገር ልስጥሽ። ቋሚው አፈርም ሲሚንቶም ውስጥ አይቀበር፤ ከመሬት ቢያንስ 30 ሳንቲም ከፍ ባለ የኮንክሪት እግር ላይ በብረት መያዣ ይቁም፣ ከሥሩም አየር ይለፍ። ተቆርጦ ወደ ሰማይ የሚያይ የእንጨት ጫፍ ሁሉ በላሜራ ይሸፈን፤ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጫፉ ነው። የውጭው ጣውላ በግድግዳው ላይ በቀጥታ አይለጠፍ፤ በሞራሌ ላይ ተመትቶ ከኋላው ሁለት ሳንቲም የአየር መንገድ ይተው፣ ከታችና ከላይም ክፍት ይሁን። ምስማሩ ዝገት የማይነካው ይሁን። ሰፊውን መስታወት ወደ ምዕራብ አታዙሪው፤ የግድ ከሆነ ከፊቱ የሚንሸራተት የእንጨት ፍርግርግ አድርጊለት። ለቅባት የተፈላ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው፤ የተቀባበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ እንዳትጥሉ፣ በራሱ ሞቆ እሳት ያስነሳል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

መታጠቢያ ቤቱን በእንጨት አልመክርሽም። እሱና ወጥ ቤቱ በአንድ ጎን ተጠጋግተው በብሎኬትና በሲሚንቶ ወለል ይሠሩ፤ የውሃ ቱቦውም አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ የከሰሉም እሳት ከእንጨቱ ይርቃል። አሮጌው ቤት ውስጥ ጨርቅ የለበሰ የመብራት ሽቦ ካለ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ እዚህ ላይ አትቆጥቢ።

ወረቀቱን አትዘንጊ። የይዞታ ካርታው በአባትሽ ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃውን ጨርሱ፤ ወንድምሽና እናትሽም የተስማማችሁበትን በጽሑፍ አድርጉት። ዛሬ ፍቅር አለ፤ ወጪው ያንቺ ሆኖ ቤቱ የሁላችሁ ሲሆን ግን ነገ ልጆቻችሁ ይቸገራሉ። ማስፋፊያም ቢሆን የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ማዘጋጃ ቤት ስትሄጂ በዚያው ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጎራ ብለሽ ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቂ። ከተመዘገበ ያለ ፈቃድ አንድ ጣውላ እንኳ አታስነሺ። ንድፉን የሚሠራልሽ አርክቴክትም ቤቱን ቆሞ ያየ ይሁን፤ ፎቶ አይቶ የሚስልልሽን አትቅጠሪ።

እናትሽን በተመለከተ፣ የሚያስፈራት ግንባታው ሳይሆን መነቀሉ ይመስለኛል። በሠራሁባቸው ቤቶች ሁሉ አዛውንት «ለሁለት ወር ብቻ» ተብለው ዘመድ ቤት ሲወሰዱ አይቻለሁ፤ ሁለቱ ወር ዓመት ይሆናል። አንቺ ይህን ማድረግ አያስፈልግሽም። የሥራው ቅደም ተከተል ራሱ ያድናታል። በጥቅምት መጨረሻ ዝናቡ ሲያባራ የግቢውን ውሃና አሸንዳውን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ የኋላውን ግድግዳና ወለሉን አንድ ክፍል በአንድ ክፍል እየጨረሳችሁ ትሄዳላችሁ፤ እሷ በሌላው ክፍል ትተኛለች። ጥርና የካቲት አዲሱ ቤት ከጓሮ ይቆማል፣ ክዳኑም ከበልጉ በፊት ይከደናል። ሠራተኞቹ በጓሮ በር ይግቡ፣ አሸዋና ጣውላም በዚያው። የበረንዳው አራት ምሰሶዎች ይጠረጋሉ፣ ዘይት ይቀባሉ፣ ሌላ አይነካቸውም፤ ይህን ዛሬውኑ ንገሪያት።

መስኮቱን በር የማድረጉን ሥራ ለመጨረሻ አቆዩት። አዲሱ ክፍል ተወልውሎ፣ አልጋው ገብቶ፣ መብራቱ ሲበራ፣ በአንድ ቀን ጠዋት ከደፉ በታች ያለውን ጭቃ ታስነሻለሽ፤ ማታ በሩ ይገጠማል። የወጣውን የመስኮት መዝጊያ አትጣዪው፣ በአዲሱ መኝታ ቤት ይግባ። የትኛው መስኮት በር እንደሚሆን ግን አንቺም እኔም አንወስን፤ እናትሽ ትምረጠው።